"ኢምፔሪያል ወራጅ አለ!" የሆቴል ስም ሰፈር የሚሆነው እንዴት ነው?

ከመገናኛ በቀለበት መንገዱ ወደ ቦሌ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከሆናችሁ፣ ትንሽ ቆይቶ አንዱ "ኢምፔሪያል ወራጅ አለ!" ማለቱ አይቀርም። ከሚወርደው ሰው አብዛኛው ሆቴል አልጋ ሊይዝ አይደለም። ቤቱ፣ ሥራው ወይ ቀጠሮው እዛ ሆኖ ነው። ኢምፔሪያል መጀመሪያ የሆቴል ስም ነበር፣ አሁን ግን ሰፈር ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ አይነት ስም ሞልቷል። አትላስ እና ለም ሆቴል የሆቴል ስሞች ናቸው። ኤድናሞል የገበያ ማዕከል ነው። አያት ስሙን ያገኘው ከሪል ስቴት ድርጅት ነው። ሲኤምሲ ደግሞ የጣሊያን የኮንስትራክሽን ድርጅት ስም ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ ከሚኖረው ሰው ስንቱ ይሄን እንደሚያውቅ እንጃ። ለማንኛቸውም ከቤት ቤት እየዞረ "ሰፈራችሁን በኔ ስም ጥሩት" ያለ የለም። ሰው አድራሻ ሲጠየቅ የሚቀለውን ስም ተናገረ፣ ወያላው ተቀበለው፣ በቃ ጸደቀ።

ስለ ብራንድ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ያለ አይመስለኝም። እኛ ጋ "ብራንድ ነው" ሲባል ብዙ ጊዜ ትልቅ ሎጎ ያለው ውድ ጫማ ወይም ቲሸርት ማለት ነው። ግን ሎጎው ምልክቱ ብቻ ነው። ብራንዱ ስሙ ሲጠራ ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው ነገር ነው። የሰፈራችሁን ጉልት አስቡት። ቲማቲም የምትሸጠው እናት ታፔላ የላትም፣ ፔጅ የላትም። እናንተ ግን ሌሎቹን ሦስት ሻጮች አልፋችሁ እሷ ጋ ትሄዳላችሁ፤ ምክንያቱም የተበላሸ አትቀላቅልም። "ደንበኛዬ" ትሏታላችሁ፣ እሷም መልሳ "ደንበኛዬ" ትላችኋለች። ብራንድ የሚለው ቃል ከመምጣቱ በፊት እኛ ጋ ነገሩ ነበረ።

ስም ሲበዛ ደግሞ ይጠፋል

አንድ ስም በጣም ሲታወቅ የሚገርም ነገር ይከሰታል። እቃው የማንም ይሁን የማን፣ ሁሉም በዛው ስም መጠራት ይጀምራል። ቤታችሁን ዞር ብላችሁ እዩ። የዱቄት ሳሙና ሁሉ "ኦሞ" ነው። የሴቶች ንጽህና መጠበቂያ "ሞዴስ" ነው። የሕፃን ዳይፐር "ፓምፐርስ" ነው። ሦስቱም የአንድ አንድ ድርጅት ምርት ስሞች ናቸው። "ሃይላንድ" የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ ዛሬ የየትኛውም ውሃ ባዶ ፕላስቲክ "ሃይላንድ" ይባላል። ባጃጅ የህንድ ድርጅት ነው። ተፎካካሪው ቲቪኤስ የሚሠራትን ባለሦስት እግር እንኳን ሰው "ቲቪኤስ ባጃጅ" ይላታል!

በቅርቡ ደግሞ ያው ነገር በስልካችን መጣ። ራይድ የሳምራዊት ፍቅሩ ድርጅት የሆነው ሃይብሪድ ዲዛይንስ የጀመረው አገልግሎት ነው። አሁን ግን ሰው ሌላ አፕ ከፍቶም ቢሆን "ራይድ ጠርቻለሁ" ይላል።

ለድርጅቱ ይሄ ደስ የሚል ይመስላል አይደል? በአንድ በኩል አዎ፣ ነፃ ማስታወቂያ ነው። በሌላ በኩል ግን አደጋ አለው። ባለሱቁን "ኦሞ ስጠኝ" ብላችሁት ሌላ ሳሙና ከሰጣችሁና ዝም ብላችሁ ከወሰዳችሁ፣ ስሙ ለባለቤቱ መሸጡን አቆመ ማለት ነው። በሕግም ሊያሳጣ ይችላል። አስፕሪን የጀርመኑ ባየር ኩባንያ የንግድ ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 የአሜሪካ ፍርድ ቤት ግን ሕዝቡ ቃሉን የመድኃኒቱ መጠሪያ አድርጎታል ብሎ ወሰነ። ከዛ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ማንም አምራች "አስፕሪን" ብሎ መሸጥ ቻለ።

ስም የገበሬ ኪስ ሲነካ

"ስም ምን ያደርጋል፣ ዋናው እቃው ነው" የሚል ካለ የቡናውን ታሪክ ይስማ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞ እና ሐረር የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። ሐሳቡ ቀላል ነው። ውጭ አገር ቡናው በውድ የሚሸጠው በስሙ ነው፤ ገበሬው ጋ የሚደርሰው ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ የስሙ ባለቤት መሆን ዋጋ ለመደራደር አቅም ይሰጣል።

የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ማመልከቻውን ተቃወመ። ከስታርባክስ ጋርም ክርክሩ ጦፈ። ኦክስፋም በዛን ጊዜ ስሞቹ ቢመዘገቡ አገሪቱ በዓመት እስከ 88 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ገቢ ልታገኝ እንደምትችል ገምቶ ነበር። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2007 ኢትዮጵያና ስታርባክስ ስምምነት ፈረሙ፤ ኩባንያው ለስሞቹ እውቅና ሰጠ። ልብ በሉ፣ ክርክሩ ስለ ፍሬው አልነበረም። ስለ ሦስት ስሞች ነበር።

እናንተን የሚመለከተው ምኑ ላይ ነው?

ዛሬ ብዙ የኛ እድሜ ልጆች በቴሌግራምና በቲክቶክ ይሸጣሉ። ልብስ፣ ኬክ፣ ሽቶ፣ ቆዳ ምናምን። አንዷን እንውሰድ። ገርጂ ቤቷ ውስጥ ሆና የሐበሻ ልብስ ዲዛይን ታደርጋለች። ስም አወጣች፣ ሎጎ አሠራች፣ ሁለት ዓመት ለፍታ ተከታይ አፈራች። ንግድ ፈቃድም አወጣች። ስሜ ተጠበቀ ብላ ተቀምጣለች።

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ንግድ ቢሮ የሚመዘገበው የንግድ ስም ነው። ምርቱ ላይ የሚለጠፈው ስምና ሎጎ ደግሞ የንግድ ምልክት ይባላል፤ የሚመዘገበውም የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ጋ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይቆያል፣ ከዛ ይታደሳል። ስለዚህ ልጅቷ ስትለፋ ሌላ ሰው ቀድሞ ቢያስመዘግበው፣ ያ ሁሉ ተከታይ እያላት ስሟን ለማስመለስ ደጅ ልትጠና ትችላለች።

ስም ስታወጡም ሦስት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ እቃውን ብቻ የሚገልጽ ስም ("ምርጥ ጫማ" አይነት) ከሌላው ስለማይለያችሁ ለመመዝገብም ያስቸግራል። ሁለተኛ፣ የውጭ ታዋቂ ስምና ሎጎ ትንሽ ቀየር አድርጎ መውሰድ ለጊዜው ዓይን ይስባል፤ ግን የምትገነቡት የሰው ቤት ነው። ሦስተኛ፣ ስሙን ወያላ እንዲጠራው አድርጋችሁ ሞክሩት። ጮክ ብሎ ሲጠራ የሚያደናቅፍ ስም በሰው አፍ አይዞርም።

ከዛ በኋላ ያለው ሥራ የሎጎ አይደለም። "ነገ አደርሳለሁ" ብሎ ነገ ማድረስ ነው። ፎቶው ላይ ያለውንና ፌስታሉ ውስጥ ያለውን አንድ ማድረግ ነው። ዋጋ ሲጠየቅ "ኢንቦክስ" ከማለት በግልጽ መጻፍ ነው። ጉልት ላይ ያለችው ደንበኛችን ያለ ሎጎ የምትሸጠው በዚህ ነው።

እናንተ ሰፈርስ በድርጅት ስም የሚጠራ ቦታ አለ? ድርጅቱስ አሁን አለ ወይስ ስሙ ብቻ ነው የቀረው? ጻፉልን።