የልጅ ውጤት ከቤቱ ኑሮ ጋር ምን አገናኘው?

በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲለቀቅ ሰፈሩ ሁሉ ወሬው አንድ ነው። የእገሌ ልጅ አለፈ፣ የእገሊት ልጅ ወደቀች። የወደቀው ልጅ «ሰነፍ ነው» ይባላል፤ ወይም «ትምህርት አይገባውም» ይባላል። ልጁም ደጋግሞ ሲሰማው ያምነዋል። ከዚያ በፊት ግን ሊጠየቅ የሚገባው ነገር አለ። ያ ልጅ ምን በልቶ፣ የት ቁጭ ብሎ፣ ማን እያገዘው ነው የተማረው?

የቤተሰብ የኑሮ ደረጃ በልጆች ውጤት ላይ ትልቅ ድርሻ አለው። ምሁራን «ማኅበራዊ መደብ» ይሉታል። የቤቱን ገቢ፣ የወላጆችን ሥራና የወላጆችን ትምህርት አንድ ላይ የያዘ ነው። ሦስቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። መርካቶ ንግዱ የተሳካለት አባት ገንዘብ እያለው የልጁን የፊዚክስ ደብተር አይቶ ምንም ላይገባው ይችላል። ደመወዟ ወር የማያደርሳት መምህርት ደግሞ ማታ ማታ የልጇን የቤት ሥራ ቁጭ ብላ ታርማለች። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ፒየር ቡርዲዩ መምህርቷ ያላትን ይህን አቅም «የባህል ሀብት» ብሎታል። ማንበብ የለመደ ቤት፣ የትምህርት ቤትን አሠራር ማወቅ፣ ከመምህር ጋር ሳይፈሩ መነጋገር ማለት ነው። ይህም እንደ ቤትና እንደ መሬት ከወላጅ ወደ ልጅ ይወረሳል።

ልዩነቱ መቼ ይጀምራል? ልጁ የትምህርት ቤት በር ሳይረግጥ ነው። ከጽንስ እስከ ሁለት ዓመት ያሉት 1,000 ቀናት አንጎል በፍጥነት የሚያድግባቸው ናቸው። በእነዚህ ቀናት በቂና የተመጣጠነ ምግብ ያላገኘ ልጅ ይቀነጭራል፤ ማለትም ቁመቱ ለዕድሜው ከሚገባው በታች ይሆናል። ዓይን የሚያየው ቁመቱን ነው፤ ጉዳቱ ግን የመማር ችሎታውንም ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ችግሩ የሚበረታው በድሃ ቤት ነው።

«ያንግ ላይቭስ» የሚባል፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ከአዲስ አበባ፣ ከአማራ፣ ከኦሮሚያ፣ ከትግራይና ከቀድሞው የደቡብ ክልል የተመረጡ 3,000 ልጆችን አስተዳደግ ሲከታተል ቆይቷል። ከእነሱ መካከል በዕድሜ ትንንሾቹ አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላቸው የቃላት እውቀታቸው ተለካ። የተሻለ ኑሮ ካለው ቤት የመጡት ገና ከዚያ ዕድሜ ጀምሮ ቀድመው ተገኙ። ልጆቹ 1ኛ ክፍል የሚገቡት እኩል ሆነው አይደለም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ዋናው ነገር ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ይህንን ነውና።

አዲስ አበባ ውስጥ ያለች አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። እናቷ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት ታስረክባለች። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን አስቀምጣ እንጀራውን ታደርሳለች። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ቀን ከሆነ ጀሪካን ይዛ ትሰለፋለች። ታናሽ ወንድሟን ታጥባለች። ደብተሯን የምትከፍተው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው፤ ያውም አልጋ ላይ፣ ጉልበቷን ጠረጴዛ አድርጋ፣ ከምጣዱ ጭስ ጋር። መብራት ከጠፋ እሱም ይቀራል። በዚያው ሳምንት መምህሩ «ስለ አየር ብክለት ከኢንተርኔት ፈልጋችሁ፣ በኮምፒውተር አጽፋችሁ አምጡ፤ ከ10 ይያዛል» ብሏል። ይህ ማለት ኢንተርኔት ቤት መሄድ፣ ለሚተይበው መክፈል፣ ለእያንዳንዱ ገጽ ኅትመት መክፈል ነው። እሷ በእጇ ጽፋ ትወስዳለች። የክፍል ጓደኛዋ በአባቱ ቢሮ ያሳተመውን፣ ባለ ቀለም ሥዕል ያለበትን ያስረክባል። ሁለቱ የሚያገኙት ማርክ አንድ ይሆናል ብለው ይገምታሉ?

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በሥራ ምክንያት በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ከጥናቷ ቢቀነስ፣ በሳምንት አምስት ቀን 10 ሰዓት ነው። የትምህርት ዓመቱን 40 ሳምንት ብንለው 400 ሰዓት ይሆናል። በቀን አምስት ሰዓት ለሚማር ልጅ ይህ 80 የትምህርት ቀን ነው። በገጠር ከብት የሚጠብቀው፣ በመኸር ወራት ማሳ ላይ የሚውለው ልጅ ደግሞ ከክፍል ራሱ ይቀራል። አንድ ሁለት ሳምንት የቀረ ልጅ የሒሳብ ምዕራፍ ያልፈዋል፤ የሚቀጥለው ምዕራፍ ደግሞ ባለፈው ላይ የተሠራ ነው።

«ታዲያ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነፃ አይደለም እንዴ?» ይሉ ይሆናል። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለው ትምህርት በነፃ እንዲሰጥ ተወስኗል። የማይከፈለው ግን የትምህርት ቤቱ ክፍያ ብቻ ነው። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የደንብ ልብስ፣ ጫማ፣ ታክሲ፣ «የወላጅ መዋጮ» ሁሉም ከቤት ይወጣል። ከሁሉ የሚከብደው ወጪ ደግሞ በደረሰኝ አይታይም፤ ልጁ ሠርቶ ሊያመጣ ይችል የነበረው ገንዘብ ነው። ሊስትሮ ሆኖ ወይም ቆሎ ሸጦ የዕለት እራት የሚያመጣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲውል ቤቱ እራቱን ያጣል። በአዲስ አበባ ባለፉት ዓመታት የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ማብላት፣ ደብተርና የደንብ ልብስ መስጠት መጀመሩ ትልቅ ነገር የሚሆነው ለዚህ ነው። የተራበ ልጅ ሰሌዳ አይታየውም። እኔ ምገባን የምቆጥረው ከመምህርና ከመጽሐፍ እኩል ነው።

ሌላው መሰናክል ቋንቋ ነው። በብዙ ክልሎች ልጆች እስከ 6ኛ ወይም እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ፤ ይህም ለመረዳት ይጠቅማቸዋል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ግን በመላ አገሪቱ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ክፍያ የሚጠይቅ ኬጂ የገባ ልጅ እንግሊዝኛን ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ሰምቷል። በቤቱም የእንግሊዝኛ ፊልምና መጽሐፍ ይኖራል። ሌላው ልጅ ከ40 ደቂቃው የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ውጪ ቋንቋውን የሚያገኝበት ቦታ የለውም። 9ኛ ክፍል ሲደርስ ባዮሎጂውን ከማወቁ በፊት ባዮሎጂው የተጻፈበትን ቋንቋ መፍታት አለበት።

የኮቪድ ወረርሽኝ ይህን ሁሉ ገልጦ አሳይቶናል። ከመጋቢት 2012 ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ቀስ በቀስ የተከፈቱት በ2013 ጥቅምት ነው። ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ቀጠለ ተባለ። ስማርት ስልክና ዋይፋይ ላለው ቤት እውነት ነበር። ስልክም ሬዲዮም ቴሌቪዥንም በሌለበት ቤት ልጆቹ ወራቱን ሙሉ ያለ ትምህርት ቆዩ፤ ብዙ ሴቶች ልጆች ደግሞ የቤት ሥራው በሙሉ ወደቀባቸው።

መጨረሻ ላይ ሁሉም ልጅ አንድ ፈተና ፊት ይቀመጣል። ኩረጃን ለማስቀረት የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበሩ። በ2015 ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ለዚህ ተጠያቂው ኑሮ ብቻ ነው አልልም፤ የመምህራን እጥረት፣ የመጽሐፍ እጥረት፣ ጦርነትም አለበት። ሆኖም ከወደቁ በኋላም ኑሮ ይለያል። ዝቅ ያለ ውጤት ካመጡት የተወሰኑት ብቻ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሪሜዲያል፣ ማለትም የማካካሻ ትምህርት፣ ያገኛሉ። ያልደረሰው ልጅ ቤቱ ገንዘብ ካለው በግል ተቋም ከፍሎ ይማራል፤ ከሌለው ግን መንገዱ እዚያ ላይ ይቆማል።

«ከድሃ ቤት ወጥተው ዶክተር የሆኑ ስንት አሉ!» የሚል አለ። አሉ፤ ልናከብራቸውም ይገባል። ነገር ግን ታሪካቸውን ቀርበው ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ይገኛል፤ ትምህርቷን ትታ ቤቱን የያዘች እህት፣ መጽሐፍ ያዋሰ መምህር፣ ማታ ማታ በረንዳዋን የፈቀደች ጎረቤት። ጥረታቸው ላይ የሌላ ሰው እጅ ተጨምሮበታል።

እንግዲህ ሁሉ ነገር በቤት ከተወሰነ ትምህርት ቤት ምን ይጠቅማል? እዚህ ላይ ለኛ ተስፋ የሚሰጥ ግኝት አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 ጄምስ ኮልማን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎችን አጥንቶ ለውጤት ልዩነት ከትምህርት ቤቱ ይልቅ ቤተሰቡ ዋና ምክንያት ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ ሃይንማንና ሎክስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች የ29 አገሮችን መረጃ አነጻጽረው በድሃ አገሮች የትምህርት ቤቱና የመምህሩ ጥራት ከቤተሰቡ ኑሮ የበለጠ ክብደት እንዳለው አሳዩ። መጽሐፍ በሌለበት ቤት ለሚያድግ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚገኘው መጽሐፍ ብቸኛው ነው። በአገር አቀፉ ፈተና ያስፈተኑትን በሙሉ ካሳለፉት ጥቂት ትምህርት ቤቶች መካከል አዳሪዎች መኖራቸውም የሚያሳየው ነገር አለ። እርግጥ ጎበዝ ጎበዙን መርጠው ነው የሚቀበሉት። ቢሆንም እዚያ ልጁ ሦስቴ ይበላል፣ መብራት ያለው የጥናት ክፍል አለው፣ ውኃ ቅዳ የሚለው የለም።

ገንዘብ ከሌለዎት ምን ያድርጉ? ደብተሩን ማንበብ ባይችሉም ልጅዎ ጮክ ብሎ እንዲያነብልዎት ያድርጉ፤ መምህሩ በቀይ ያረመውን ያሳይዎ። ከሥራው ሁሉ አንድ ሰዓት ቀንሰው ለጥናት ይተዉለት፤ ለወንዱም ለሴቷም እኩል። የክፍል ኃላፊ መምህሩን ውጤት እስኪወጣ ሳይጠብቁ በኅዳር ይጠይቁ፤ ሰኔ ላይ የሚሰማ ነገር አይጠገንም። ቅዳሜ የማጠናከሪያ ትምህርት ካለ እንዳያልፈው።

አቅም ያለዎት ከሆኑ ደግሞ ለልጅዎ አስጠኚ ሲቀጥሩ የጎረቤትዎ ልጅ አብሮ እንዲቀመጥ ይፍቀዱ፤ ለሁለት ማስረዳት ለመምህሩ አይከብደውም። በሚቀጥለው የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይም እጅዎን አውጥተው ሁለት ነገር ይጠይቁ። ቤተ መጻሕፍቱ ከትምህርት በኋላ እስከ 12 ሰዓት ክፍት ሊሆን አይችልም ወይ? በእጅ የተጻፈ ሥራስ በኮምፒውተር ከተጻፈው እኩል ለምን አይታረምም? ሁለቱም ብዙ ብር አይጠይቁም፤ የሚጠይቃቸው ወላጅ ግን ያስፈልጋል።