ከፍታውን የሚናገር አውሮፕላን

በገና ሰሞን የላስታ ሰማይ ሥራ ይበዛበታል። ምእመኑ በድልብና በኩልመስክ መንገድ በአውቶቡስም በእግርም ሲተም፣ ከላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዳሽ 8 ኪው 400 ከ70 የማያንሱ መንገደኞችን ይዞ ከአዲስ አበባ ይመላለሳል። አንዳንድ ጊዜም ቱሪስት የተከራየው ባለ አንድ ሞተር ሴስና ካራቫን ወደዚያው ማረፊያ ይወርዳል። የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ግድም ላይ የተዘረጋ ሲሆን፣ አቅራቢያው ያለው አቡነ ዮሴፍ ግን ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ትልቁም ትንሹም የሚወርደው በእነዚህ ተራሮች መካከል ነው። ታዲያ ሁለቱ ሳይላተሙ እንዴት ይተላለፋሉ?

ጥያቄው የሩቅ አገር ጥያቄ አይደለም። የካቲት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ፣ ከዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ገና የተነሣ የሳፋሪሊንክ ዳሽ 8 ከአንድ የበረራ ትምህርት ቤት ሴስና 172 ጋር አየር ላይ ተጋጨ። ዳሹ ተመልሶ አረፈ፤ የጫናቸው 44 ሰዎችም ተረፉ። ሴስናው ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ግን ሞቱ። ወደ ላሊበላ የሚበረው ኪው 400 የዚያው የዳሽ 8 ቤተሰብ ነው።

ለረጅም ዘመን ዋናው መከላከያ የአብራሪው ዐይን ነበር። ዐይን ግን ልክ አለው። እያንዳንዳቸው በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበሩ ሁለት ጄቶች ፊት ለፊት ሲመጡ በሴኮንድ 500 ሜትር ይቀራረባሉ፤ በመካከላቸው ያለው 10 ኪሎ ሜትር በ20 ሴኮንድ ያልቃል። ይባስ ብሎ፣ በቀጥታ ለግጭት የሚመጣ አውሮፕላን በመስኮቱ ላይ ወዲያ ወዲህ አይልም። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ እንደ ነጥብ ይታያል፤ የሚተልቀው መጨረሻ ላይ ነው። የሰው ዐይን ደግሞ ፈጥኖ የሚይዘው የሚንቀሳቀስን ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ሳንዲያጎ ላይ የአንድ ቦይንግ 727 አብራሪዎች ከፊታቸው የምትበር ሴስና እንደታየቻቸው ለተቆጣጣሪው ነገሩ። ከዚያ ጠፋችባቸው፤ መጥፋቷን ግን በግልጽ አላሳወቁም። 144 ሰው አለቀ።

ዛሬ በመንገደኛ አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው መከላከያ ቲካስ ይባላል። ሥራውን ለላስታ ሰው ማስረዳት አይከብድም፤ ገደል ማዶ ያለን ሰው ተጣርቶ መልሱን እንደመስማት ነው። ቲካስ በሴኮንድ አንድ ጊዜ ያህል በሬዲዮ ሞገድ ይጣራል። በአካባቢው ያለ አውሮፕላን ትራንስፖንደር የተባለው መሣሪያው ጥሪውን ሰምቶ ይመልሳል፤ ከመልሱም ጋር ከፍታውን ይልካል። መልሱ ለመድረስ ከፈጀው ጊዜ ርቀቱ ይሰላል።

ቲካስ ዋና ትኩረቱ «ስንት ኪሎ ሜትር ቀረን?» ሳይሆን «ስንት ሴኮንድ ቀረን?» የሚለው ነው። እንደ ከፍታው ለመገናኘት ከ20 እስከ 48 ሴኮንድ ሲቀር «ትራፊክ፣ ትራፊክ» ብሎ ያነቃል። አደጋው ካልተወገደና ከ15 እስከ 35 ሴኮንድ ሲቀር «ክላይምብ፣ ክላይምብ» ወይም «ዲሴንድ፣ ዲሴንድ» ብሎ ያዛል፤ ውጣ ወይም ውረድ ማለቱ ነው። ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ታጠፍ አይልም፤ አንቴናው የሌላውን አቅጣጫ የሚያውቀው በግምት ሲሆን ከፍታውን ግን በቁጥር ይሰማል። ሁለቱም አውሮፕላኖች ቲካስ ካላቸው መሣሪያዎቹ ተነጋግረው አንዱን ሽቅብ ሌላውን ቁልቁል ይልካሉ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ነበረ። መሣሪያው «ውጣ» ሲል ተቆጣጣሪው «ውረድ» ቢልስ? እ.ኤ.አ. በ2002 በጀርመን ኡበርሊንገን ሰማይ ላይ የሆነው ይኸው ነው። የሩሲያው ቱፖሌቭ ቲካሱ ውጣ እያለው በተቆጣጣሪው ትእዛዝ ወረደ፤ የጭነት ቦይንግ 757 ደግሞ የራሱን ቲካስ ታዞ ወረደ። የሞቱት 71 ነበሩ፤ አብዛኞቹ ለሽርሽር የሚጓዙ ልጆች። ከዚያ በኋላ ሕጉ ጥርጥር የሌለው ሆነ፦ ቲካስ ሲያዝ አብራሪው ቲካሱን ይከተላል፤ መከተሉንም ለተቆጣጣሪው ይነግራል። ለእኔ ይህ በበረራ ሕግ ውስጥ በከባድ ዋጋ ከተገዙት አንቀጾች አንዱ ነው።

ለትንሹ አውሮፕላን ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመዘኛ ቲካስ ግዴታ የሆነው የመነሻ ክብደታቸው ከ5,700 ኪሎ ግራም ለሚበልጥ ወይም ከ19 በላይ መንገደኛ ለሚጭኑ ባለ ተርባይን አውሮፕላኖች ነው። 29 ቶን ገደማ የሚመዝነው ኪው 400 በዚህ ውስጥ ይገባል፤ 4 ቶን ገደማ የሆነው ካራቫን አይገባም። ይህ በራሱ አያስደነግጥም። ትንሹ ቲካስ ባይኖረውም ከፍታውን የሚናገር ትራንስፖንደር ከያዘና ከከፈተው ትልቁ ያየዋል፤ ይሸሸዋልም። እ.ኤ.አ. በ1986 ሎስ አንጀለስ አጠገብ ሴሪቶስ ላይ ከአንድ ዲሲ 9 ጋር የተጋጨችው ፓይፐር ትራንስፖንደር ነበራት፤ ከፍታዋን ግን አይናገርም ነበር። ዲሲ 9ኙም ቲካስ አልነበረውም። በአየርና በምድር 82 ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ ምክር ቤት ቲካስን ለመንገደኛ አውሮፕላኖች ግዴታ ያደረገው በዓመቱ ነው። ስለዚህ መንገደኛ አውሮፕላን ወደሚያርፍበት ሜዳ ከፍታውን የማይናገር ማንም ባይጠጋ እላለሁ፤ የተማሪ ሴስናም ቢሆን።

ተራራማ አገር የራሱ ጣጣ አለው። ተራራ የራዳርን እይታ ይጋርዳል። የምድር መቅረብ ማስጠንቀቂያ ሲጮህ ቲካስ ዝም ይላል፤ ተራራው ይቀድማልና። ከምድር 1,000 ጫማ ገደማ በታች ደግሞ ጭራሹን ውጣ ውረድ ብሎ አያዝም። አውሮፕላኖች በብዛት የሚጠጋጉት ግን እዚያው፣ ለማረፍ ሲዞሩና ሲነሡ ነው። በዚያ ከፍታ ዋናው መተማመኛ ሬዲዮና ዐይን ነው። ከኩልመስክ አቅጣጫ የሚመጣ አብራሪ ስሙን፣ ያለበትን ቦታ፣ ከፍታውንና የሚደርስበትን ደቂቃ ይናገራል፤ በዚያው የሬዲዮ መስመር ላይ ያለው ሌላውም ሰምቶ የራሱን ይመልሳል።