ቁልፉን እስከ መጨረሻ ማዞር ለምን አይጠቅምም?



ከገዳሪፍ አካባቢ ካምፖች ወደ ሦስተኛ አገር የሄዱ ዘመዶች ሲደውሉ ስለ ብርዱ ብዙ ያወራሉ። ቤቱን የምታሞቅ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ግድግዳው ላይ አለች ይላሉ። ሙቀቱ ሚያዝያ ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት አገር ስለ ቤት ማሞቂያ ማውራት ያስቃል። ነገር ግን ያቺ ቁልፍ እኛም ዘንድ አለች፤ በባለሱቁ የለስላሳ ማቀዝቀዣም ሆነ ክትባት በሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ታገኟታላችሁ። ስሟ ቴርሞስታት ነው፤ የሙቀት መቆጣጠሪያ ማለት ነው።

ቁልፏ ራሷ ቤት አታሞቅም። በብርድ አገር ብዙ ቤቶች የሚሞቁት በውኃ ነው። ምድጃው በጋዝ ወይም በሌላ ነዳጅ ውኃውን ያሞቃል፤ ፓምፕ ደግሞ ውኃውን በቧንቧ እየገፋ በየክፍሉ ግድግዳ ሥር ወደተተከሉት ብረቶች ያደርሰዋል። ቴርሞስታት ከሌለ ምድጃው ክፍሉ ይሙቅ አይሙቅ አያውቅም፤ ሰው እስኪያጠፋው ነዳጅ ይበላል። ቴርሞስታት ሲገጠምለት ግን ክፍሉ ለምሳሌ 20 ዲግሪ ሲደርስ ያጠፋዋል፤ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይለኩሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ1883 በኤሌክትሪክ የሚሠራ የክፍል ቴርሞስታት በስሙ ያስመዘገበው ዋረን ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ መምህር ነው። በሚያስተምርበት ት/ቤት ሠራተኛው የክፍሉን ሙቀት ለማየት እየገባ ትምህርቱን ያቋርጥበት ነበር። መምህራኖቻችን ችግሩ ይገባቸዋል!

አሠራሩን እንይ። ብረታ ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ ሁሉም ግን እኩል አይረዝምም። ናስ ከብረት ይበልጣል። የናስና የብረት ስስ ቅጠል አጣብቃችሁ ብታሞቁ ናሱ ልርዘም ሲል ብረቱ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሁለቱም ወደ ብረቱ በኩል ይጎብጣሉ። ሲጎብጡ ከሽቦው ይላቀቁና ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፤ ሲቀዘቅዙ ቀንተው ይገናኛሉ። አዲሶቹ ቴርሞስታቶች በኤሌክትሮኒክስ ይሠራሉ፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚወጣውን ብርማ ወረቀት (ማጨሱን ተዉት፤ ወረቀቱን ብቻ ፈልጉ) በቀጭኑ ቁረጡና ከከሰል ፍም ራቅ አድርጋችሁ በላይ ያዙት። ሲጎብጥ ታያላችሁ። ታናናሾቻችሁ ያለ ትልቅ ሰው አይሞክሩት።

ወደ ብርድ አገር የምትሄዱ ይህን ያዙ፤ ቴርሞስታት ፀሐይ በሚያርፍበት፣ ከበር አጠገብ ወይም ከማሞቂያው በላይ አይተከልም። እዚያ ከሆነ የክፍሉን ሳይሆን የፀሐዩን ወይም የነፋሱን ሙቀት ይለካል። ገመዱንም የሚያገናኘው ሙያተኛ ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብዙ ሰው ቁልፉን እስከ መጨረሻ ሲያዞር ቶሎ የሚሞቅ ወይም ቶሎ የሚቀዘቅዝ ይመስለዋል። ቁልፉ የሚወስነው የት ላይ እንደሚቆም እንጂ እንዴት እንደሚፈጥን አይደለም። ባለሱቁ ለስላሳው ቶሎ ይቀዝቅዝልኝ ብሎ መጨረሻ ላይ ቢያደርገው ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ሲያቀዘቅዝ ያድርና ጠርሙሱ በረዶ ሆኖ ይፈነዳል።

የጠርሙሱስ ይሁን። ክትባት መቀመጥ ያለበት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ አንድ ሰው ደንግጦ ቁልፉን ወደ መጨረሻው ቅዝቃዜ ቢያዞረው የመንጋጋ ቆልፍ፣ የትክትክና የዘጊ አናዳ መከላከያው በረዶ ይሆንና ይበላሻል። በረዶው ቢቀልጥም ኃይሉ አይመለስም። እናት በፀሐይ ልጇን አዝላ መጥታ፣ ልጁ በመርፌ ተወግቶ አልቅሶ፣ ተከተበ ተብሎ በካርዱ ላይ ተጽፎለት፣ ሳይከላከልለት ይቀራል ማለት ነው። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ሠራተኞች በሚሰጠው ትምህርት ኃይል ሲመለስ ቁልፉን ወደ በለጠ ቅዝቃዜ አታዙሩ የሚለው። ማቀዝቀዣው ጊዜ ተሰጥቶት በራሱ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትሩን አንብቦ መመዝገብ ግን ያስፈልጋል።

ጤና ጣቢያ በማጽዳትም ሆነ በማስተርጎም የምትረዱ ወጣቶች ቁልፉን አትንኩ፤ ቴርሞሜትሩ ከ2 በታች ወርዶ ወይም ከ8 በላይ ወጥቶ ካያችሁ ወዲያው ለነርሷ ንገሩ።