የታራሚው ቁጥር ለምን ይጨምራል?

የታራሚን ቁጥር ሦስት ነገሮች ይወስኑታል፤ ስንት ሰው ገባ፣ ምን ያህል ጊዜ ቆየ፣ ስንት ሰው ወጣ። የወንጀል መብዛት በቀጥታ የሚነካው የመጀመሪያውን ነው። የቀሩት ሁለቱ በአብዛኛው በሕግ፣ በፍርድ ቤትና በመንግሥት እጅ ናቸው። በኢትዮጵያ የእስረኛው ቁጥር ከመቶ ሺህ በላይ እንደሆነ ሲገመት ቆይቷል፤ አብዛኛው ያለውም በክልል ማረሚያ ቤቶች ነው።

ከመግቢያው እንጀምር። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 53 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. ወደ 74 ሚሊዮን ተጠግቷል። ሕዝቡ ሲበዛ የወንጀል መጠኑ ባይጨምር እንኳ የታራሚው ቁጥር ያድጋል። በአማራ ክልል፣ እንደ ብልባላ ባሉ የላስታ ወረዳ ደጋማ ቀበሌዎች ደግሞ የሚታረሰው መሬት ጠባብ ነው፤ የውርስና የድንበር ጠብ ደም እስከማፋሰስ ይደርሳል። ተራ የሰው ግድያ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በአንድ የእርሻ ድንበር ተጣልቶ ሰው የገደለ ገበሬ እስከ 20 ዓመት እስር ቤት ሊቆይ ይችላል ማለት ነው።

ሌላው የመግቢያ ምክንያት የፖለቲካ ቀውስ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ሳቢያ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለስድስት ወር ጸንቶ በአራት ወር ተራዝሟል። በዚያ ጊዜ ከተያዙት አንዳንዶቹ የቆዩት እንደ አዋሽ አርባ ባሉ ካምፖች ስለነበር የማረሚያ ቤት መዝገብ እነሱን አያሳይም።

ቆይታን የሚያረዝመው በዋናነት ቀጠሮ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ግን አይቆጠርም። መንገድ በሌለበት ተራራማ አገር ይህ ጭማሪ ቀላል አይደለም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 ፖሊስ ለምርመራ በየጊዜው እስከ 14 ቀን እንዲሰጠው ይፈቅዳል፤ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ግን ገደብ አላበጀም። በአንቀጽ 63 መሠረት ደግሞ ክሱ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያስቀጣ ሆኖ ተጎጂው ከሞተ ወይም ሊሞት ከቻለ ዋስትና የለም። ስለዚህ በደም ጉዳይ የተከሰሰ ሰው ፍርዱን የሚጠብቀው ታስሮ ነው።

ቅጣቱ ሳያልቅ መውጫው አመክሮና ይቅርታ ነው። ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ ታራሚ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል፤ ከሚታዩት መስፈርቶች አንዱ አቅሙ በፈቀደ መጠን ተጎጂውን መካሱ ነው። እዚህ ላይ የላስታ ሽምግልናና የደም ካሳ ክብደት ያገኛሉ፤ ክሱን ባያስቀሩም ቤተሰቦቹን አስታርቀው የመፍቻውን መንገድ ያቀናሉ። ይቅርታው ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ያስወጣል፤ በኮሮና ሰሞን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በፌዴራል ደረጃ 4,011 ታራሚዎች ይቅርታ አግኝተዋል።

ይቅርታ የገባውን ይቀንሳል እንጂ የሚገባውን አይቀንስም። ለምርመራ ቀጠሮ ገደብ ካልተበጀለት፣ የመሬት ጠብም ደም ሳይፈስ ካልታየ፣ የተለቀቀው ቦታ ብዙም ሳይቆይ በሌላ ሰው ይያዛል።