ታዳጊ ወታደሮች፦ ከጦርነት የተመለሰን ልጅ ቤተሰብ እንዴት ሊረዳው ይችላል?

«ልጃችን ተመልሷል፤ ግን የሄደው ልጅ አይደለም።» ልጃቸው ከጦር ግንባር የተመለሰላቸው ወላጆች ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላሉ። ሌሊት አይተኛም፣ በሆነ ባልሆነው ይቆጣል፣ በጦር ክፍሉ የተነገረውን ሁሉ እንዳለ ይደግማል። ይህ በሽታ ነው ወይስ ጠባዩ ተበላሽቶ ነው? ልጁ እንዲያገግም የቤተሰብ አቀባበል ትልቅ ድርሻ ስላለው መልሱን ማወቅ ይጠቅማል።

ታዳጊዎች ለምን በቀላሉ ያምናሉ?

ስሜትን የሚገታውና የአንድ ድርጊት መዘዝ ምን እንደሆነ አስቀድሞ የሚያመዛዝነው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እድገቱን የሚጨርሰው በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ አካባቢ ነው። በ14 ወይም በ16 ዓመት ግን ስሜት ይበረታል፤ በእኩዮች ዘንድ ተቀባይነት ማግኘትም በጣም ይፈለጋል። ስለዚህ ዓላማ፣ ጓደኛና ክብር በአንድ ጊዜ የሚሰጥ አዛዥ ሲመጣ ታዳጊው ቢከተለው የሞኝነት ወይም የክፋት ምልክት አይደለም።

እምነቱ እንዴት ይተከላል?

በናዚ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1943 የተቋቋመው 12ኛው የኤስኤስ ታንከኛ ክፍለ ጦር «ሂትለርዩገንድ» ይባል ነበር። አብዛኞቹ ተራ ወታደሮቹ በ1926 የተወለዱ፣ ገና 17 ዓመት የሆናቸው ልጆች ነበሩ። በትምህርት ቤትና በናዚ የወጣቶች ድርጅት ስለ ዘር የበላይነትና ለመሪው ስለ መሞት ሲነገራቸው ነው ያደጉት። በጁን 1944 በኖርማንዲ ውጊያ የዚህ ክፍለ ጦር ወታደሮች ከ100 በላይ የካናዳ ምርኮኞችን ገድለዋል።

በሴራሊዮን ጦርነት (1991–2002) ደግሞ አማፂው የተባበረ አብዮታዊ ግንባር ለዓመታት የሚዘልቅ ስብከት አላስፈለገውም። ልጆችን ከቤታቸው ጠልፎ ወሰደ፤ አደንዛዥ ዕፅ ሰጣቸው። አንዳንዶቹ በገዛ ጎረቤታቸው ወይም ዘመዳቸው ላይ ጉዳት እንዲያደርሱ ተገደዱ፤ በአንዳንዶቹ ገላ ላይ የቡድኑ ምህፃረ ቃል በስለት ተፃፈ። እንዲህ የሆነ ልጅ ወደ ቤቱ እመለሳለሁ የሚል ተስፋ አይኖረውም።

መንገዱ ቢለያይም ሁለቱም ጋ ልጁ ከወላጆቹ ይርቃል፤ ጦሩ ደግሞ አዲስ ቤተሰብ ይሆነዋል። ህክምናውም የሚጀምረው ይህንን በመቀልበስ ነው።

በቤት ውስጥ የሚታዩ ምልክቶች

• ቅዠት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በድምፅ መደንገጥ
• ያለፈውን አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጎ ማየት
• ብስጭት፣ ለጠብ መቸኮል፣ ወይም ጭራሽ ዝም ማለት
• ጥፋተኝነትና ሃፍረት
• አዛዡንና ጓደኞቹን መናፈቅ
• መጠጥ፣ ጫት ወይም ሌላ ዕፅ ማብዛት

የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ከአንድ ወር በላይ ከቆዩና የዕለት ኑሮውን ካወኩ ፒቲኤስዲ የሚባለው፣ ከአሰቃቂ ሁኔታ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ህመም ሊሆን ይችላል። ይህ ህመም በንግግር ህክምና፣ አስፈላጊ ሲሆንም በመድኃኒት ይታከማል። አዛዡን መናፈቁ ግን በራሱ በሽታ አይደለም፤ ለወራት ወይም ለዓመታት ቤተሰቤ ያለውን ቡድን ማጣቱ ነው።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

በተመራማሪዋ ቴሬሳ ቤታንኮርት የሚመራ ቡድን ከ2002 ጀምሮ የሴራሊዮን የቀድሞ ታዳጊ ወታደሮችን ለብዙ ዓመታት ተከታትሏል። ቤተሰብና ጎረቤት የተቀበሏቸው እንዲሁም ትምህርታቸውን የቀጠሉ ልጆች የተሻለ ሁኔታ ላይ ተገኝተዋል። የተገለሉትና የተሰደቡት ላይ ግን ድብርትና ጭንቀት በርትቶ ታይቷል። ስለዚህ፦

• «ስንት ሰው ገደልክ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሌላውም እንዳይጠይቀው ተከላከሉለት። ራሱ ማውራት ሲጀምር ሳትፈርዱ አዳምጡ።
• ስለ ዓላማው አትከራከሩት። ክርክር ያመነበትን የበለጠ እንዲይዝ ያደርገዋል። ከእናንተ ጋር ሰላም ሲያገኝ ጥያቄው ከራሱ ይመጣል።
• ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ገበታ ይብላ፤ የቤት ሥራ ይካፈል፤ የሚተኛበትና የሚነሳበት ሰዓት የታወቀ ይሁን።
• ዕድሜው አልፏል ሳትሉ ወደ ትምህርት ወይም ወደ ሙያ ስልጠና መልሱት።
• ሙሉ የጤና ምርመራ ይደረግለት። የጭንቅላት ጉዳት፣ የመስማት ችግርና በሰውነት የቀረ ፍንጣሪ ጠባይንና እንቅልፍን ሊያውኩ ይችላሉ።
• የተመለሰችው ሴት ልጅ ከሆነች ፆታዊ ጥቃት ደርሶባት ሊሆን ይችላል። ምስጢሯን የሚጠብቅ ባለሙያ ዘንድ ውሰዷት፤ ልጅ ይዛ ከመጣችም ሁለቱንም ተቀበሉ።
• ፀበልና ፀሎት ከህክምና ጋር አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ የታዘዘለትን መድኃኒት ግን ሐኪሙን ሳታማክሩ እንዳታስቆሙት።

ሳይውል ሳያድር ወደ ህክምና የሚወሰደው መቼ ነው?

«መሞት ይሻለኛል» ካለ፣ ራሱን ወይም ሌላውን ለመጉዳት ከሞከረ፣ የሌለ ድምፅ ከሰማ፣ ወይም ምግብና ውኃ እምቢ ካለ በዚያው ቀን በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ይሂድ። እስከዚያው ብቻውን አትተዉት፤ ጦር መሣሪያ፣ ስለት፣ መድኃኒትና የተባይ መርዝም ከቤት አውጡ።