ሁለት ፊደል በአንድ ጠረጴዛ

ከጅጅጋ የክልል ቢሮ ወደ ወረዳ የሚላክ ደብዳቤ በሶማሊኛ፣ ወደ ፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚላከው ደግሞ በአማርኛ ይጻፋል። ሶማሊኛ የክልሉ፣ አማርኛ የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ ነው። አንዱ በላቲን፣ ሌላው በግዕዝ ፊደል ይሰፍራል። ስለዚህ በጅጅጋ፣ በቀብሪ በያህ ወይም በቶጎ ውጫሌ ጠረጴዛ ላይ የወጣ የጽሕፈት መሣሪያ ሁሉ አንድ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ሁለቱንም መጻፍ አለበት።

የጽሕፈት መኪና ለዚህ ታስቦ አልተሠራም። አርባ ጥቂት ቁልፎች አሉት፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ምልክት ቢይዝ እንኳ መቶ አይሞላም። አማርኛ ግን 33 ፊደል በሰባት ቤት ሲባዛ 231 ይደርሳል፣ ዲቃላዎቹ፣ አኃዙና ነጥቡ ሳይቆጠሩ። ከጣሊያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ ያገኙት መፍትሔ ፊደሉን ከነቅጥያው መበተን ነበር። «በ» አንድ ቁልፍ ያገኛል፤ «ቡ»ን ለመጻፍ የጎን ሰረዟ፣ «ቤ»ን ለመጻፍ ከእግሩ ሥር ያለችው ቀለበት በሌላ ቁልፍ ትጨመራለች። ሁለቱ ምቶች አንዱ በሌላው ላይ እንዲያርፉ ወረቀቱን የተሸከመው ክፍል በአንደኛው ምት ጊዜ ከቦታው አይራመድም። በኋላ እንደ ኦሊቬቲ ያሉ ኩባንያዎች የአማርኛ መኪና እያመረቱ አገሪቱን ሲያዳርሱም ቅጥያው ከፊደሉ ጋር በትክክል የማይገጥምበት ጊዜ ብዙ ነበር። የድሮ ደብዳቤ ላይ ቀለበቷ ከእግሩ ተላቃ ብቻዋን ቆማ የምትታየው ለዚህ ነው።

ይህን መኪና ሳያዩ መምታት ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። ታይፒስቷ በወረቀቶቹ መሐል ካርቦን ታነባብራለች፤ የመጨረሻው ቅጂ እንዲነበብ እያንዳንዱን ቁልፍ በኃይል መምታት አለባት። ለፈተና ወይም ለሰርኩላር ደግሞ ስቴንስል ይመታል። ሪባኑ ከሥራ ውጭ ይደረግና የፊደሉ ብረት ሰም የተቀባውን ስስ ወረቀት ይበሳዋል፤ በቀዳዳው ቀለም ያልፋል፣ ማባዣው እየተሽከረከረ መቶውን ወረቀት ያወጣል። የአማርኛ ስቴንስል የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ድርብ ምት ያረፈበት ቦታ ተቀዶ ከወጣ በፊደሉ ምትክ የሚታተመው ጥቁር ነጠብጣብ ነው።

ሶማሊኛ በሌላ መንገድ ነው የመጣው። የሶማሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1972 የላቲን ፊደልን ለቋንቋው ይፋ ሲያደርግ የተመረጠው አጻጻፍ፣ በሽሬ ጃማ አሕመድ ስም የሚታወቀው፣ ከፊደሉ በላይና በታች ምንም ምልክት የለውም። ለጉሮሮው የ«ዐ» ድምፅ «ሲ» የተባለችው ፊደል ተመደበች፤ ለ«ሐ» ድምፅ «ኤክስ» ዋለች፤ ረዥም አናባቢ ሲመጣ ፊደሉ ይደገማል። በእንግሊዝኛ የጽሕፈት መኪና ላይ አንድ ቁልፍ ሳይለወጥ ሶማሊኛ ይጻፋል። አማርኛ ማሽኑን ወደ ራሱ መጎተት ሲኖርበት ሶማሊኛ ግን ማሽኑ ላይ ያለውን ፊደል ለራሱ ድምፅ አዋለው።

ድንበሩን ተሻግሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ነገሩ ለተወሰነ ዘመን ሌላ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ሶማሊኛ ሲሆን፣ ይጻፍ የነበረውም እንደ ሌሎቹ ሁሉ በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ክልሉ የላቲኑን አጻጻፍ ያዘ። ስለዚህ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ያው ቋንቋ በሁለት ዓይነት ቁልፍ ተመትቷል።

በዚያው ሰሞን አካባቢው በወረቀት ተጥለቅልቆ ነበር። በ1980 ዓ.ም. የሀርጌሳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች የሰፈሩበት ሀርትሼክ በአንድ ወቅት ከዓለም ትላልቅ የስደተኞች ካምፖች ግንባር ቀደሙ ነበር፤ የተዘጋውም በ1996 ዓ.ም. ነው። የስም ዝርዝሩ፣ የራሽን ካርዱ፣ የእህል መጠኑ ሁሉ መመዝገብ፣ መደመርና ሪፖርት መደረግ ነበረበት። ከዚህ በላይ ኮምፒውተር የሚያስናፍቅ ሥራ አይገኝም።

ኮምፒውተሩ ሲመጣ ያ የአማርኛ ችግር አብሮት መጣ። ፍስሐ አጥላው በካሊፎርኒያ «ዳሽን»ን፣ ዶክተር አበራ ሞላ በኮሎራዶ «ሞድኤት»ን ያዘጋጁት በ1980ዎቹ የአውሮፓውያን ዓመታት፣ በዶስ ዘመን ነው። ከዚያ በዊንዶውስ ላይ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ነገሡ። ኮምፒውተሩ ግን ያኔ ለአንድ ፎንት የሚሰጠው 256 ቦታ ብቻ ነበር፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው አስቀድሞ የተያዘ ነበር። ፊደሉ ከነአኃዙና ከነምልክቱ ስለማይበቃው አንዳንዱ አዘጋጅ በሁለት ፎንት ከፈለው፣ ሌላው እንደ አያና ብሩ ቅጥያውን ለብቻ አደረገ። እያንዳንዱ የፊደሉን መደብ በራሱ መንገድ ስለደለደለ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነብም። በአንድ ቢሮ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላ ቢሮ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ሰረዝ ይሆናል። ብልሃቱ በፍሎፒ ዲስኩ 1.44 ሜጋባይት ውስጥ ከደብዳቤው ጋር ፎንቱንም ቀድቶ መላክ ነበር። የሶማሊኛው ደብዳቤ ግን ፎንቱ ቢለወጥ እንኳ ቃሉ አይጠፋም።

ለኮምፒውተሩ የነበረው አክብሮት አሁን ላለው ወጣት ሊገባው ይከብዳል። በብዙ የአገሪቱ ተቋማት ወደ ኮምፒውተር ክፍል የሚገባው ጫማ አውልቆ ነበር። ሞኒተሩና ኪቦርዱ ማታ ማታ በጨርቅ ይሸፈናሉ፤ መብራት ሲቆራረጥ ዩፒኤሱ እየጮኸ ጸሐፊዋ ጽሑፏን ለማዳን ትሽቀዳደማለች። ዶት ማትሪክሱ ፕሪንተር እየተንጫጫ በመርፌ ስለሚመታ ከካርቦን ጋር ይስማማ ነበር፤ ከጽሕፈት መኪናው ወደ ኮምፒውተሩ የተላለፈው ይህ አንድ ልማድ በባንክ ደረሰኝ ላይ ብዙ ቆይቷል።

ሁለቱን ፊደሎች በእኩልነት አንድ ቤት ያስገባቸው ዩኒኮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው እትም 345 የግዕዝ ፊደሎችንና ምልክቶችን ለየራሳቸው ቋሚ ቁጥር ሰጥቶ አስገባ። ዊንዶውስ ቪስታ ከ«ኒያላ» ፎንት ጋር ሲመጣ አማርኛ ያለ ተጨማሪ ፎንት መነበብ ጀመረ። «ታይፕ፣ ፕሪንት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» በሚል ማስታወቂያ ሥር የሚሠራ የጅጅጋ ወጣት አሁን ከአማርኛ ወደ ሶማሊኛ የሚሻገረው አንድ ቁልፍ ነክቶ ነው።

ነገር ግን ከዩኒኮድ በፊት የተጻፈው ሁሉ ወደዚህ ቤት አልገባም። የክልል አስተዳደር የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቃለ ጉባኤ፣ ሪፖርትና የሠራተኛ ማኅደር የተጻፉት በእነዚያ ፎንቶች ነው። የፍሎፒው ማግኔት በሙቀትና በአቧራ ይደክማል፤ አሮጌው ኮምፒውተርም በጨረታ ይወገዳል። የቀድሞዎቹን ፎንቶች ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ችግሩ ፋይሉ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ለይቶ የሚናገር ሰው እያነሰ መምጣቱ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ መዝገብ ቤቶቹ ቢልክ፣ ጡረታ የወጡትን ታይፒስቶች አስቀምጦ ቢጠይቅ፣ አንድ የአማርኛና አንድ የእንግሊዝኛ የጽሕፈት መኪና ከጨረታ አስቀርቶ ከነፍሎፒ ማንበቢያው ቢያኖር፣ የክልሉ የቢሮ ታሪክ በሁለቱም ፊደል ተነባቢ ሆኖ ይቆያል።