የናፍጣ ጥላሸት ማጣሪያና የጤና ጣቢያው ጄኔሬተር

ከአዲ አርቃይ ተነሥቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተሠራው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ደባርቅ የሚወጣ የጭነት መኪና ጥቁር ጭስ የሚተፋው ስላረጀ ብቻ አይደለም። ዳገቱ ብዙ ነዳጅ ይጠይቃል፤ በደባርቅ ከፍታ ደግሞ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። አየር ያጠረው ናፍጣ፣ በተለይ ተርቦ በሌለው ሞተር፣ በሙሉ ሳይቃጠል ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ቅንጣቶቹ አብዛኞቹ ከ1 ማይክሮ ሜትር ያነሱ በመሆናቸው እስከ ሳንባ የአየር ከረጢቶች ይዘልቃሉ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ መድቦታል።

ማጣሪያው የማር እንጀራ የሚመስል የሴራሚክ አካል ነው። ጎን ለጎን ካሉት ቀጫጭን ቱቦዎች አንዱ በመግቢያው፣ ቀጣዩ በመውጫው የተደፈነ ስለሆነ ጭሱ የግድ በግድግዳው ረቂቅ ቀዳዳዎች ያልፋል፤ ጥላሸቱ ይቀራል። በደኅና የሚሠራ ማጣሪያ ከ90 በመቶ በላይ ይይዛል። ጋዞች ግን ያልፋሉ።

ችግሩ የተያዘው ጥላሸት በየጊዜው መቃጠል ያለበት መሆኑ ነው። ለዚህ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ያሻል። ካታሊስት ይህን መጠን ዝቅ ያደርጋል፤ ሆኖም በናፍጣ ውስጥ ያለ ድኝ ካታሊስቱን ያዳክመዋል። ስለዚህ ድኙ የበዛ ነዳጅ በሚቀዳበት አካባቢ ውድ ማጣሪያ መግጠም ብቻውን ትርፉ ጥቂት ነው።

የጤና ጣቢያ ጄኔሬተር ደግሞ የባሰ ሁኔታ ላይ ይገኛል። ዳገት የሚወጣ መኪና ጭሱ ይግላል፤ የክትባት ማቀዝቀዣና ጥቂት አምፖሎች ብቻ የሚያበራ ትልቅ ጄኔሬተር ግን ጭሱ ቀዝቃዛ ነው። ማጣሪያው ይደፈናል፤ ሞተሩ ይታፈናል፤ በመጨረሻም አንድ ሰው ፈትቶ ይጥለዋል። በእኔ ግምት ማጣሪያ ከመጠየቅ በፊት ሌሎች ሥራዎች ይቀድማሉ፦ ጄኔሬተሩን ከማዋለጃና ከተኝቶ መታከሚያ ክፍሎች መስኮት ማራቅ፣ ነፋሱ ከሚነፍስበት በተቃራኒ ወገን ማኖር፣ የጭስ ማውጫውን ከጣሪያ በላይ ማውጣት፣ የአየር ማጣሪያውን ማጽዳት። በዝግ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ ሊነሣ አይገባም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። የቀዶ ሕክምና ጭንብልም ፊት ላይ በደንብ ስለማይገጥም ከጥላሸቱ አይከላከልም፤ ጋዙንማ ጨርሶ አያግድም።

ሳል የጸናበትና ሲጋራ የማያጨስ ሰው ሲመጣ ከሳንባ ነቀርሳ ምርመራው ጎን ለጎን ስለ ምድጃው ጭስም፣ ስለ ሥራውም መጠየቅ ይገባል፤ ሾፌር፣ ረዳት ወይም መካኒክ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በመናኸሪያ አጠገብ ቀኑን ሙሉ ሻይ የምትሸጥ ሴት።